የኋሊት የሚሄደው ሰውዬ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን
ከሱቃችን

ይድረስ ለውኃልክ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? እኔ አለሁ። "ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ" ብዬ ልጀምር ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ያልጻፈች ሚስት ድንገት ብድግ ብላ ናፍቆት ብትል አንተም ትስቅባታለህ ብዬ ተውኩት። ልጃችን ደህና ናት። ቁመቷ አልፎኛል፤ ምላሷማ ከቁመቷ ቀድሞ ነው ያለፈኝ። እሑድ እሑድ አንተን ስታወራ የክፍሏን በር ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች፤ እኔ ማድ ቤት ቆሜ አንዷን ሳህን ሦስት ጊዜ እያጠብኩ እሰማሃለሁ። ጉንፋን ይዞህ እንደሰነበተ፣ ወደቡ ላይ ነፋሱ እንዳስቸገረህ፣ ኮንቴይነር ላይ ቁጥር መጻፍ እንደማይሰለችህ፣ ሁሉንም የማውቀው በዚያች በር ነው። "ቁጥር ይሻለኛል፣ ቁጥር አያስቅም" ያልካት ቀን ሳህኑ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። ልጅህ "ምን ሆንሽ?" ብትለኝ ሳሙናው አዳለጠኝ አልኳት።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። "ሃሎ" ስትል አፌ ተሳሰረ፤ ለልጅህ አቀበልኳትና ወጣሁ። መስመሩ የተበላሸ መስሎህ ከሆነ አልተበላሸም። ልነግርህ የፈለግሁት ነገር በአፍ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፍልህ፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ደግሞ ቸኩያለሁ።

ሱቁ እንዳለ አለ። በብሩሽ የሚጻፍ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚጠይቅ ግን የለም፤ አሁን ሁሉም በማሽን የሚቆረጥ ስቲከር ነው። እኔም አንድ ማሽን ገዝቼ በልጅህ አስተማሪነት ኮምፒውተር ጀምሬያለሁ። "እማዬ፣ ማውሱን እንዲህ አንቀሽ አትያዥው፣ ብሩሽ አይደለም" ትለኛለች በቀን አሥር ጊዜ። ማሽኑ ጎበዝ ነው። አይኮራም፣ አያኮርፍም፣ ሻይ አይጠይቅም። አጠገባችን ያለው ቁልፍ ሠሪ "ባልሽን በማሽን ተካሽው" ብሎ ቀልዶብኝ ሁለት ቀን ዘግቼዋለሁ።

ነገሩን ከጫፉ ልያዘው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ከቴሌቪዥን ጣቢያው ተደወለልኝ። "ደረስን" ሊመለስ ነው። አዎ፣ ያው የኛው "ደረስን ዕቃ ማጓጓዣ"፤ ስሙ ደረስን ሆኖ ስድስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ አንዲት ሶፋ ይዞ ከደረጃ ደረጃ ሲንከራተት የኖረው፣ አንድም ዕቃ ለባለቤቱ ሳያደርስ ያለቀው ኮሜዲ። በአዲሱ ላይ የድርጅቱ ባለቤት ጡረታ ወጥቶ ሴት ልጁ ተረክባዋለች፤ ሁሉን ነገር ዘመናዊ ላድርግ ባይ ናት አሉኝ። ስለዚህ ሎጎውም ዘመናዊ ይሁን፣ የመጀመሪያውን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ይሥሩት ተባለ። በዓለም ላይ ለሌለ ድርጅት ሎጎ ሰው እንዲህ ሲጨነቅ ሳይ ሳቄ መጣ። ብዙ ግን አልቆየም።

ከማርኬቲንግ ክፍል አንዲት ልጅ ሱቅ ድረስ መጣች። ዕድሜዋ ከልጃችን ብዙ አይርቅም፤ ነጭ ጫማ አድርጋ ቀለም የፈሰሰበት ወለላችን ላይ እንደ ድመት እየመረጠች ረገጠች።

"እትዬ፣ ሎጎው ቀለል ማለት አለበት። መተንፈስ አለበት" አለችኝ።

"ሶፋ ተሸክመው በምን ትንፋሻቸው?" አልኳት።

አልሳቀችም። ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። እኛ ሦስት ሜትር የኮምፖርሳቶ ግድግዳ ላይ የሳልነው ሁሉ አሁን የትንሽ ጣት ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ መታየት አለበት። ሰው የሚያየው እዚያች ላይ ነው። ጥፍር ላይ ፊት አይታይም፣ ኮፍያ አይታይም፣ አንተ አንድ ቀን ሙሉ የደከምክበት የሶፋው አበባ አይታይም። አንድ በአንድ እያነሳን ስንጥል የቀሩት ሶፋውና እግሮቹ ብቻ ናቸው። ሎጎው እግር ብቻ ሆኖ ቁጭ አለ፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ የምሸሸው እግሮቹን ነበር።

ሥዕሉን ከኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም አንዴ አብረን እንየው። ሁለት ሰዎች ሶፋ ይዘዋል። የግራው ሰውዬ ወደ ፊት ይራመዳል። የቀኙ ፊቱን ወደ ሶፋው አዙሮ የኋሊት መሄድ ነበረበት፤ ዕቃ ተሸክሞ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያደርገው። የእኛ የቀኙ ሰውዬ ግን የኋሊት አይሄድም። እሱም ወደ ፊት ይራመዳል። ሁለቱም ሶፋውን ወደ መሃል ይገፋሉ፣ ሶፋው ንቅንቅ አይልም። የኮሜዲው አዘጋጅ ይህን አይቶ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ በሳቅ እንባውን ሲጠርግ እኔ ነበርኩ፤ በማግስቱ ድርሰቱን ሁሉ በዚያ ላይ እንደገና ጻፈው። የስድስት ዓመቱ ሳቅ የወጣው ከዚያ ግድግዳ ነው። ስሙ ግን ባንተ ላይ ቀረ።

ታክሲ ውስጥ፣ ዳቦ ቤት፣ ቀለም መደብር፣ "ሶፋው ደረሰ?" ያላለህ ሰው የለም። መጀመሪያ አንተም አብረህ ትስቅ ነበር። ያለ ገመድ፣ በዓይኑ ብቻ መስመር የሚያሰምር ብለው ውኃልክ ያሉህ የሙያ ጓደኞችህ ያንኑ ስም መዳፋቸውን ወደ ጎን እያጋደሉ ሲጠሩህ ግን ሳቅህ አለቀ። ከዚያ የሆስፒታሉ ጨረታ መጣ። ስምንት ፎቅ፣ በየበሩ ሰሌዳ፣ የሁለት ዓመት ሥራ። ናሙናህን ወደዱት። የጨረታው ኮሚቴ ሰብሳቢ መነጽሩን አውልቆ "እናንተ የሶፋው ሰዎች አይደላችሁም እንዴ? በሽተኛውን ግራና ቀኝ እንዳታጋጩብን" አለና ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ቤት ስትመጣ ምንም አልነገርከኝም። ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት።

ከዚያ ወዲያ እጅህን ማመን አቆምክ። የመድኃኒት ቤቱን ሰሌዳ ታስታውሳለህ? የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ዘጠኝ ቀን ፈጀብህ። ለካህ፣ እንደገና ለካህ፣ አጠፋህ፣ ደግሞ ለካህ። በመጨረሻ እኔን ጠርተህ "እስቲ አንቺ ለኪልኝ፣ ዓይኔን አላምነውም" አልከኝ። ሜትሩን ይዤ ለካሁ። ልክ ነበር። መጀመሪያ ያጠፋኸውም ልክ ነበር። ያኔ ልነግርህ ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ወደ ወደቡ የሄድክ ቀን አውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆሜም እንዲሁ ሆንኩ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋና ተገላገልኩ። አዎ፣ ተገላገልኩ ነው ያልኩት።

ወደ ማርኬቲንጓ ልጅ ልመለስ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳልኩ። ሶፋው ወዲያው ተገኘልኝ፤ ሁለት መስመርና አንድ ጎባጣ ይበቃዋል። የግራው ሰውዬ እግርም ተገኘ። የቀኙን አሁንስ ልክ የኋሊት ላስኪደው ብዬ ስጀምር እጄ ይቆማል። የኋሊት የሚሄድ ሰው ስስል ወይ የሚወድቅ ይመስላል ወይ ሽንት የያዘው። ልጅህ በትከሻዬ በላይ አጮልቃ አየችና "እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ሐኪም ያስፈልገዋል" አለችኝ። እስክደርስበት ብዬ የቀኙን ጎን ባዶውን ትቼ ላክሁት። አንድ ሰውዬ፣ አንድ ሶፋ፣ በወዲያኛው ጫፍ ምንም። ልጅቷ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደወለች።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ በጣም ዘመናዊ ነው! ባዶው ቦታ ገደለኝ!"

"አላለቀም እኮ ልጄ።"

"አይ አይ፣ እንዳይነኩት! አንድ ሰው ብቻውን። የቀረውን ተመልካቹ ራሱ ያስበው።"

ስልኩን ዘግቼ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አንተ እንዳስተማርከኝ ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። ሰውዬው በአንድ ጫፍ ይዞ ቆሟል፣ ሌላው ጫፍ አየር ላይ ነው። ዘመናዊ ከሆነ ይሁን፤ እኔ አራት ዓመት ኖሬበታለሁ፣ ዘመናዊነቱ አልታየኝም።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩልህም ነበር። ልጅቷ ሌላም ሐሳብ አላት። "የታዋቂው ስህተት ታሪክ" የሚል አጭር ፊልም ተሠርቶ ቅዳሜ ኅዳር 20 ከዜና በኋላ ይተላለፋል። "ጋሽ ውኃልክ እንዴት እንደተሳሳቱ እርስዎ ያጫውቱናል፤ በጣም ያስቃል" አለችኝ። እሺ አልኳት። ትናንት ሰኞ ካሜራ ይዘው መጡ፤ አዘጋጁም ሽበቱን አበጥሮ አብሯቸው መጣ። ካሜራው ፊት ምን እንዳልኩ ከመንገሬ በፊት ግን ከነሱ ቀድሞ ላንተ ይገባ የነበረውን ልንገርህ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ሥራውን የጀመርን ቀን ውሉን ልንፈርም አዘጋጁ ክፍል ገባን። "ሠሪ" በሚለው ቦታ ስምህን ጻፍክ። አዘጋጁ ወደኔ አየና "እሷስ?" አለህ። ቀና ሳትል "ረዳቴ ናት" አልከው። አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተን! አንተ ቅርጹን ካርቶን ላይ ቆርጠህ በሱ ጠርዙን ታወጣለህ፣ እኔ ቀለሙን እሞላለሁ፤ የዚህ ከተማ ሰሌዳ ግማሹ ውስጡ የኔ እጅ ነው። ቃሉን ምናልባት አታስታውሰውም። በክፋት እንዳላልከው አውቃለሁ። በክፋት ብትለው ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ እንሰዳደብና ይወጣልን ነበር። ይህን የምነግርህ ማመካኛ እንዲሆነኝ አይደለም። ትንሽ ማመካኛ ቢሆነኝ ግን አልጠላም፣ ምን ልዋሽህ።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ወገብህ ያዘህ። የግራውን ሰውዬ ጨርሰሃል፣ ሶፋውን ጨርሰሃል፣ ፊደሉን ጨርሰሃል፤ የቀኙ ሰውዬ ብቻ ቀርቷል። ሐኪም ቤት ወስደው መርፌ ወጉህና ሄደህ ተኛ አሉህ። ቤት ከመሄድህ በፊት ወደ ሥራው ቦታ ተመልሰህ፣ ላብ እያጠመቀህ፣ "የግራውን ካርቶን ገልብጠሽ ከወገቡ በላይ አውጪበት፤ ለእግሩ ለብቻ የቆረጥኩት አለ" አልከኝ። ልክ ነበርክ። ለብቻ ቆርጠህ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቀለም ቆርቆሮዎቹ አጠገብ አስቀምጠህልኛል። አይቼዋለሁ።

እኔ ግን የግራውን ሰውዬ ካርቶን እንዳለ ገለበጥኩና ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በሱ አወጣሁት። ይቺን እንኳ ቸኩዬ ነው ልበል። ቀለሙን ሞልቼ ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። ወዲያው ታየኝ፤ ዓይን ላለው ሁሉ ይታያል። አዘጋጁ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ተኩል ነበረኝ። ነጭ ቀለም ነበረኝ። ያንተ የእግር ካርቶን ክርኔ ሥር ነበር። ለማስተካከል ሃያ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

አላስተካከልኩትም። ቆርቆሮ ደፍቼ ቁጭ አልኩበትና አየሁት። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ የውኃልክ ሥራ ይዝመም አልኩ በሆዴ። "ረዳትህ ናት ያበላሸችው" ሲሉህ ያኔ እኔም ሠሪ መሆኔን ታውቃለህ ብዬ። ይኸው ነው ሐሳቡ። ሲጻፍ እንዴት ያስጠላል! አዘጋጁ ሲቆጣ "እኔ ነኝ" ልለው አፌን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ሳቀ። ሳቀና "ማነው ይህን ያሰበው?" ሲል ግራ ገባኝ፤ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጎንበስ ብለህ እያነከስክ መጣህ። ግድግዳውን አየህ። ፊትህ አመድ መሰለ።

"ለእግሩ ለብቻ አልቆረጥኩም እንዴ?" አልከኝ።

"አላየሁም" አልኩህ።

ይቺን አንዲት ቃል። ካርቶኑ ያኔ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ። "እንግዲያው መርፌው ነው ያዞረኝ" አልክና ቀጥ ብለህ አዘጋጁ ጋ ሄድክ። "ስህተቱ የኔ ነው። እሷ የሰጠኋትን ነው የሠራችው" ስትለው ሰማሁ። እኔን ልትሸፍን! ረዳቴ ናት ያለኝ ሰውዬ ጥፋቴን ለብሶ ፊቴ ቆመ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሰው ሁሉ ይስቅ ስለነበር ነገሩ ቀላል መሰለኝ፤ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ነገ ስል አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።

ፖስታው ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለውን አሁን ክፈተው። ያንተ ነው። እስከ ዛሬ የልብስ ስፌት መኪናዬ መሳቢያ ሥር ነበር። ብዙ ቀን ላቃጥለው አውጥቼ መልሼዋለሁ፤ እሳት ማቀጣጠል አቅቶኝ አይደለም፣ ያን የመሰለ ሥራ ማቃጠል አቅቶኝ ነው። ቢጫ ሆኗል እንጂ ጠርዙ አልተነካም። ብርሃን ላይ ያዘውና እየው። የእግሩ ጣት ቀድሞ መሬት ነክቷል፣ ተረከዙ ገና አየር ላይ ነው፣ ጉልበቱ የሚረግጠውን እንደማያይ ሰው ለዘብ ብሏል። ስታየው ወዲያው የኋሊት ይሄዳል። እጅህ አልተሳሳተችም። ዓይንህም አልተሳሳተም። ያን ቀን በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ሆነህ እንኳ አንዲት መስመር አልሳትክም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ የባሰው ደግሞ እጅህን እንድትጠራጠር ያደረግሁህ እኔ ነኝ።

ትናንት ካሜራው ሲበራ ልጅቷ ፈገግ ብላ "እስቲ ጋሽ ውኃልክ እንዴት እንደተሳሳቱ ያጫውቱን" አለች።

"አልተሳሳተም" አልኳት።

ከዚያ አሁን ላንተ የነገርኩህን ሁሉ ነገርኳቸው። የውሉን ብቻ ዘለልኩት፤ ያ የኔና ያንተ ነው። ስጨርስ አዘጋጁ መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆየና "በዚያ ሰው እየተሳቀ ስድስት ዓመት የኔ ስም ተጠራ፤ አንድ ቀን እንኳ ደውዬ እንዴት ነህ አላልኩትም" አለ።

"እርስዎስ ሩቅ ነበሩ። እኔ አንድ ቤት ውስጥ ሆኜ" አልኩት።

ልጅቷ ቀስ ብላ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። "እትዬ፣ ከፈለጉ ይሄንን እናጠፋዋለን። ማንም አያውቅም።" ልቧ ደግ ነው። እኔ ግን ማንም አያውቅም የሚባለው ነገር ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። "እንዳታጠፊው። አንዷንም ቃል እንዳትቆርጪ" አልኳት።

ስለዚህ ቅዳሜ ኅዳር 20 ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ይህ ደብዳቤ ሳምንት ቢፈጅ እንኳ ይቀድማቸዋል ብዬ ነው የተጣደፍኩት። "ሶፋው ደረሰ?" የሚሉ ከእንግዲህ እኔን ይበሉኝ። ዳቦ ቤቱ ቅርብ ነው፣ በየቀኑ እሄዳለሁ፣ እዚያ ያገኙኛል።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር አለ። ልጅህ ከትምህርት ቤት ቀድማ ተለቅቃ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል፤ ሁሉንም ሰምታለች። እስካሁን አላናገረችኝም። ምግብ ሰጠኋት፣ በላች፣ ሳህኗን አጠበች፣ ክፍሏ ገባች። ዛሬ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት በሩን ይዛ "አባዬ ያውቃል?" አለችኝ። "እየጻፍኩለት ነው" አልኳት። ሌላ ቃል የለም። ምላሷን አሥራ ሰባት ዓመት ለምጄ ዝምታዋን አልቻልኩትም። እሑድ ስትደውልልህ ስለኔ መጥፎ ነገር ብታወራ አታስቁማት፤ እውነቷን ነው። ብቻ ትንሽ ቆይተህ ስለ ሌላ ነገር ጠይቃት።

አሁን የሥራውን ልጨርስ። አዘጋጁ በአዲሱ ታሪክ ሶፋው አንድ ቀን መድረስ አለበት ይላል፤ ስለዚህ የቀኙ ሰውዬ በትክክል የኋሊት ይሂድልኝ ብሏል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሳለ ልጅቷ የወደደችው ባዶ ጎን እንዳለ ያልፋል። ካርቶንህን ገልብጬ ላሳንሰው ሞከርኩ። ጥፍር ሲያክል እግሩ ይጠፋብኛል፤ የትኛው መስመር ወፍሮ የትኛው እንደሚጣል የምታውቀው አንተ ነህ። ለሥራው ስል ነው የምለምንህ ብዬ ልጽፍ ነበር። ለሥራው ብቻ አይደለም።

አብሮ የተላከ ወረቀት አለ። "ሠሪዎች" የሚል ሁለት መስመር አለው። በታችኛው ላይ ፈርሜያለሁ፤ የላይኛውን ላንተ ትቼዋለሁ። ከስሜ ጋር መቀመጥ ካልፈለግህ የኔን ሰርዘህ ብቻህን ፈርም። አይከፋኝም ብል ውሸት ይሆናል፤ ይከፋኛል፣ ግን ምንም አልልም። ከወረቀቱ ሥር በኔ ጽሕፈት የተሰረዘ አንድ መስመር ታያለህ። "ለመፈረም ራስህ መምጣት አለብህ" ይል ነበር። ልጅቷ በፖስታም ይሆናል ብላኛለች፤ ስለዚህ ሰረዝኩት። ሌላ ንጹሕ ወረቀት ነበረኝ። ስርዙ እንዲታይህ ብዬ ይህኛውን ላክሁት።

ብትፈርምም ባትፈርምም፣ ብትስልም ባትስልም፣ እውነቱ ወጥቷል፤ እሱ ያንተን መልስ አይጠብቅም። ይቅር በለኝ ብዬ አላጣድፍህም። አሥራ አንድ ዓመት የወሰደ ሰው የማጣደፍ መብት የለውም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ እሱም ለኔ ብለህ አይደለም። ነገ ጠዋት ወደቡ ላይ ስትወጣ ሜትሩን ኪስህ ውስጥ ተወው። አንዲት ቁጥር፣ አንዲት ብቻ፣ ሳትለካ ጻፍ። ከዚያ ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ሂድና እያት።

ልክ ትሆናለች።

ፈጣሪ ወገብህን ያጽናልህ፣ የወደቡን ነፋስ ያብርድልህ፣ ከመሰላል መውደቅና ከኔ ዓይነቷ ሚስት ይጠብቅህ። እጅህን ይባርክልህ።

የቀኙን ሰውዬ የሳልኩት እኔ፣
ባለቤትህ